በሙግት ላይ ያለ ርስት ሲሸጥ፤ የአንድ ጥያቄ ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ በወጣትነቴ ችሎት ተቀምጬ የተከታተልኩት ጉዳይ ነው። አንድ አዛውንት ቤት ገዝተው፣ ዋጋውን ከፍለው፣ ጣሪያውን አሳድሰው ከገቡበት በኋላ የፍርድ አፈጻጸም ትእዛዝ ደረሳቸው። ሻጩና እኅቱ በውርስ ሲሟገቱ ኖረዋል፤ ክሱ የተከፈተው ከሽያጩ በፊት ነበር፤ እኅትየዋ ረታች። አዛውንቱ ዳኛውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ሳልከሰስ እንዴት ተፈረደብኝ?»

ጥያቄው ከእርሳቸው እጅግ ይበልጥ ያረጀ ነው። የሮም የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳ ሕግ ሙግት የተነሣበትን ነገር ለአማልክት መስጠትን ከልክሎ፣ ይህን ያደረገውን በእጥፍ ያስቀጣ ነበር። ተሟጋቹ ንብረቱን ዳኛ ወደማይደርስበት እጅ አሳልፎ ፍርዱን ባዶ እንዳያስቀር ነው። በእንግሊዝ ፍራንሲስ ቤከን የፍትሕ ሹም ሳሉ ባወጡት ደንብ፣ ክስ ከመመሥረቱ በፊት በቅን ልቦና የገዛ ሰው በፍርዱ አይታሰርም፤ ክሱ ተከፍቶ ሳለ የገዛ ግን ይታሰራል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1857 ቤላሚ በሳባይን ላይ ባቀረበው ክርክር ሎርድ ክራንወርዝ ምክንያቱን ግልጽ አደረጉት። ገዢው የሚታሰረው ክሱን ያውቃል ተብሎ ስለሚገመት አይደለም። ተከሳሽ በክርክር መካከል ንብረቱን እየሸጠ ከሄደ ከሳሽ በየጊዜው አዲስ ሰው እየከሰሰ፣ ሙግቱ ማብቂያ ስለማይኖረው ነው።

ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው የሕንድ የንብረት ማስተላለፍ ሕግ አንቀጽ 52 ሆኖ ተጻፈ። ቦምቤይ በ1939 ደግሞ ክሱ መኖሩ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ማሻሻያ አከለችበት። ስለ ሕንድ ለምን እንደማወራ ጥቂት ቆይቶ ይገባችኋል።

አስቀድሜ ወደ አገራችን ልመለስ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ሰነዶች በስፋት አጥንቷቸዋል። ሻጭና ገዢ ይጠቀሳሉ፤ ዋጋው በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ ይገለጻል፤ እማኞች ይቈጠራሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የዋሱ ስም ነው። ነገ «ርስቴ ነው» የሚል ዘመድ ቢነሣ ገዢው የሚይዘው ሰው አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ ደግሞ አይታጣም ነበር። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የርስት ይገባኛል ጥያቄ በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚ አባት የሚቈጠር በመሆኑ የርስት ሙግት የዘወትር ኑሮ አካል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ለባለርስቱ ተስፋ ነው፤ ለገዢው ግን ሥጋት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሥጋት በጽሑፍና በመዝገብ ሊያስወግድ አሰበ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ በቁጥር 1723 ደነገገ፤ የባለቤትነት መተላለፍም በቁጥር 1185 መሠረት መመዝገብን ይሻል። ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን በዝርዝር የሚመለከተው ክፍል፣ ከቁጥር 1553 ጀምሮ ያለው ማለቴ ነው፣ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ራሱ ሕጉ በቁጥር 3363 አገደው። ቤቱን ሠርቶ በሩን ሳይገጥሙ እንደ መተው ነው።

አሁን ወደ ሕንድ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ነገር የወሰደው ከሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በክርክር ላይ ያለ ንብረት ሽያጭን የሚገዛው አንቀጽ 52 ግን የነበረው በሌላው ሕግ፣ በንብረት ማስተላለፉ ሕግ ውስጥ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ወሰድን፤ ሁለተኛውን አልወሰድንም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ መሠረቱ ከፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ነውና ክፍተቱን የሚሞላ ተመሳሳይ ድንጋጌ ከዚያ በኩል አልመጣም። በእኔ አስተያየት የአዛውንቱ መከራ የተወለደው በእነዚህ ሁለት ሕጎች ስፌት ላይ ነው።

ስለዚህ ዳኞቻችን መልሱን ከተበታተኑ ድንጋጌዎች ይለቅማሉ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ፍርድ ቤት ንብረቱ እንዳይሸጥ ሊያግድ ይችላል፤ ጠያቂ ከሌለ ግን እገዳ የለም። በቁጥር 5 የመጨረሻ ፍርድ ተከራካሪዎችን ብቻ ሳይሆን መብታቸውን ከእነርሱ ያገኙትንም ይይዛል። በቁጥር 358 ደግሞ ተካፋይ መሆን ሲገባው ያልተካፈለ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ ያቀርባል። በቅን ልቦና መግዛትስ? ቁጥር 1161 የሚጠብቀው የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ዕቃ የገዛውን ነው፤ ቤት የገዛ በዚያ አይጠለልም።

ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ ለመሬት ሁሉ አጽንቶታል። ዛሬ የሚሸጠው ቤትና የሊዝ መብት ነው፤ ሙግቱ ግን አብሮ ይተላለፋል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 መብትን፣ ክልከላንና ኃላፊነትን ማስመዝገቡ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ገዢዎቻችን «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ» የሚለውን ማረጋገጫ ሲያዩ ክስም የሌለ ይመስላቸዋል። ክስ ተከፍቶ እገዳ ያልተጠየቀበት ቤት ግን ያንኑ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ይህን ልዩነት ለዘመዶቻችሁ ንገሩ፤ ቤቱ የሚገኝበትን አካባቢ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤትም ጠይቁ፤ ወራሾቹንም ጠይቁ።

አዛውንቱ መቃወሚያ አቀረቡ፤ አልተሳካላቸውም። ከዚያ ሻጩን ከሰሱ። ቁጥር 2282 ሻጭ ገዢው በሦስተኛ ወገን እንዳይነቀል ዋስ ይሆናል ይላል፤ የጎንደሩ ዋስ በሕግ ተተካ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2283 ግን ገዢው አደጋውን እያወቀ ገዝቶ ከሆነ ሻጩ የሚጠየቀው በተለይ ግዴታ በገባበት መጠን ብቻ መሆኑን ይናገራል። ዳኛው «ሲገዙ ክርክር መኖሩን ያውቁ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው፣ ደላላው «ትንሽ የቤተሰብ ነገር አለ፤ በሽምግልና ያልቃል» ብሎ ነግሯቸው እንደነበር መለሱ። ጠበቃቸው ዐይኑን ጨፈነ። የችሎቱ ጸሐፊም ቃላቸውን እንዳለ መዘገበው።