የክተት ጊዜ የሕክምና አገልግሎት ቅንጅት፦ የ1928 ዓ.ም. የሰሜን ግንባር ተሞክሮ

የክተት ጊዜ የሕክምና ቅንጅት ማለት በጦርነት ወቅት የሠራዊቱንና የሲቪሉን የሕክምና ተቋማት፣ ባለሙያዎች፣ መድኃኒትና ማመላለሻ በአንድ ዕቅድ ሥር ማሠራት ነው። ዓላማው ቁስለኛው ከመጀመሪያ ርዳታ ወደ መስክ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደጀን ሆስፒታል ሳይጉላላ እንዲደርስ ማስቻል ነው።

ከክተት አዋጁ በፊት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወረራውን ሲጀምር የክተት አዋጅ ታወጀ። በልማዱ ዘማቹ ስንቁን ራሱ ይዞ ይከታል፤ ሲቆስልም የሚደርሱለት ወጌሻና የአገር መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ለመላው ሠራዊት የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በመሆኑ ለዝግጅት ያገኘው ጊዜ 3 ወር እንኳ አልሞላም። ስለዚህም ከብሪታንያ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡ የሕክምና ቡድኖች ክፍተቱን ለመሸፈን ተሰማሩ።

የደሴ–ቆረም መስመር

በሰሜን ግንባር ዋናው ደጀን ደሴ ነበረች። የሆላንድ ቡድን በዚያ ሲሠራ፣ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ ቡድን በወልድያ በኩል አልፎ ወደ ቆረም አቅንቷል። በዛሬው የሀብሩ ወረዳ የሚገኙት ውርጌሳና መርሳም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚሁ አቅጣጫ ላይ ናቸው።

የቀይ መስቀል ምልክት ግን ከጥቃት አላዳነም። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ተመታ። በደቡብ ግንባርም ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቡድን ተደብድቦ ቁስለኞችና ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮም ሕይወታቸውን አጡ። የካቲት 25 ቀን ተራው የብሪታንያ ቡድን ሆነ። ከ27 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ የማይጨው ጦርነት ሲካሄድ በአቅራቢያው የነበረው የሕክምና አቅም አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር።

ከተሞክሮው የሚገኝ ትምህርት

• የሕክምና ክፍል ከአዋጅ በፊት በሰላም ጊዜ ሊደራጅ ይገባል።
• በደጀንና በግንባር መካከል ያሉ ከተሞች የቁስለኛ መቀበያና ማሳረፊያ እንዲሆኑ አስቀድሞ መመደብ አለባቸው።
• አንድ ተቋም ሲመታ ሥራውን የሚረከብ ተለዋጭ ጣቢያ መዘጋጀት አለበት።
• የሕክምና ተቋማትን ከጥቃት የሚጠብቀውን የጄኔቫ ስምምነት እያንዳንዱ ተዋጊ ሊያውቀውና ሊያከብረው ይገባል።