የፍለጋ ሞተሮች አነሣሥና የንግድ ድርጅቶች ጥቅም

በኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያው የፍለጋ መሣሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በካናዳ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። የባርቤዶስ ተወላጅ የሆነው አለን ኤምቴጅ የሠራው ይኸው «አርቺ» የተባለ መሣሪያ፣ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች የተከማቹትን ፋይሎች ስም ብቻ እየሰበሰበ ያሳይ ስለነበር ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ አልታቪስታ ሥራ ሲጀምር ነው። አልታቪስታ የገጾችን ሙሉ ጽሑፍ ያነብ ነበር። ደረጃ የሚሰጠውም በአብዛኛው ቃላትን በማመሳከር ስለሆነ ብልጣብልጦች ዘዴውን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም አንዱን ቃል እየደጋገሙ ይጽፉ ጀመር። ሰው አያየውም፤ ሞተሩ ግን ያነበዋል። ድረ ገጽን ለፍለጋ የማመቻቸት ሙያ ስሙ የጎደፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት ሌላ መንገድ ከፈተ። ሊቃውንት አንዱ የሌላውን ሥራ እንደሚጠቅሱ ሁሉ፣ አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያመለክተው ማያያዣ እንደ ምስክርነት ይቆጠር አሉ፤ የምስክሩም ክብደት እንደ መስካሪው ተሰሚነት ይለካ። የሚያስገርመው፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር ለአስታዋቂዎች ማድላቱ አይቀርም ሲሉ በዚያው ጽሑፍ ማስጠንቀቃቸው ነው። ያቋቋሙት ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የማስታወቂያ አገልግሎት ከፈተ።

ከዚህ ወዲህ ለነጋዴው ሁለት መንገድ ቀረበለት። በማስታወቂያው በኩል የሚመጣው ደንበኛ ክፍያው በቆመ ዕለት ይቆማል። በአንጻሩ በሚገባ የተሠራ ገጽ፣ ወጪው ከተከፈለ በኋላ፣ ጥቂት እንክብካቤ ቢያስፈልገውም ለዓመታት ደንበኛ ያመጣል። ባለሙያዎች ሥራውን እንደ ዕለት ወጪ ሳይሆን እንደ መዋዕለ ንዋይ የሚመለከቱት በዚህ የተነሣ ነው። አቋራጭ መፈለግ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ታዋቂው የመኪና ፋብሪካ ቢ.ኤም.ደብልዩ ለሞተሩ አንድ፣ ለጎብኚው ሌላ ገጽ በማቅረቡ የጀርመን ድረ ገጹ ለጥቂት ቀናት ከጉግል ዝርዝር ተሰርዞ ነበር።

በአማርኛ ረገድ ችግሩ ከዚህ ቀደም ብሎ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ውስጥ እስከገባ ድረስ እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ነበረው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም። ስለሆነም ብዙ ጽሑፍ በሥዕል መልክ ይወጣ ነበር። ሥዕል ደግሞ ለፍለጋ ሞተር ባዶ ወረቀት ያህል ነው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ልማዱ አልጠፋም፤ የዋጋ ዝርዝራቸውንና አድራሻቸውን ዛሬም በፎቶግራፍ የሚለጥፉ ድርጅቶች አሉ።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። ስሙ «ፀሐይ» የሆነ አንድ የንግድ ቤት ቢኖር፣ ደንበኛው «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ» ወይም «ጸሀይ» ብሎ ሊፈልገው ይችላል፤ ለሰው አንድ የሆነው ቃል በኮምፒዩተር ኮድ አራት የተለያየ ቃል ነው። ገጹን የሚሠራው መሐንዲስ ስሙ የሚጻፍባቸውን መልኮች ሁሉ አስቀድሞ መመርመርና በጽሑፉ ውስጥ ተገቢ ቦታ መስጠት ይኖርበታል፤ ይህም ዲዛይኑ ሳይጀመር በበጀቱ ውስጥ ሊያዝ የሚገባው ሥራ ነው።