ጋን ከቤት ሲወጣ፦ የአገው ምድር ጠላና የመንገዱ ታሪክ

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ሲባል የሚሰማው ሰው ስለ ትልቅና ትንሽ መረዳዳት ያስባል እንጂ ስለ ጋኑ ብዙም አያስብም። ተረቱ ግን መጀመሪያ የጓዳ ጉዳይ ነው። ሆዱ የሰፋ፣ ታቹ የጠበበ የሸክላ ዕቃ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ እንዳይወላገድ ግራና ቀኙ ጠጠር ይደረግለታል። አንዴ ከተሞላ በኋላ ማንም አያነሳውም። የጠላ ታሪክ ግማሹ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ወደ ጋኑ ይሄዳል እንጂ ጋኑ ወደ ሰው አይሄድም። ሌላው ግማሽ ደግሞ ጋን ውስጥ ያለው ተቀድቶ ከቤት መውጣት ግድ የሆነበት ጊዜ ታሪክ ነው። ይህኛው ብዙ አልተጻፈም። የተሸከሙት ሴቶች ነበሩ፣ የጻፉት ደግሞ ጠጪዎቹ።

ጠላ ለመንገድ የማይመችበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕይወት ያለው መጠጥ ነው። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅልና እንኩሮ ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ ለጌጥ አይደለም። አየር ከገባ ጠላው በጥቂት ቀን ውስጥ ይኮመጥጣል። የአልኮል መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ራሱን ለረጅም ጊዜ መጠበቅ አይችልም። ሲነቃነቅ አተላው ይነሳና ይደፈርሳል፤ ዕቃው ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ደግሞ ጋዙ ማምለጫ ያጣል። ገብሱ ከባንጃ ደጋ ይምጣ፣ ዳጉሳው ከዳንግላ ወይና ደጋ፣ ችግሩ አንድ ነው።

የአገው ምድር ሰው መንገድን የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የአካባቢው አገዎች የጎንደር ዋና ቀላቢዎች መሆናቸውን መዝግቧል። ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ይዘው ሺህም ሺህ አምስት መቶም ሆነው እየተከታተሉ ወደ ከተማዋ ይገቡ እንደነበር ጽፏል። በዚያ ሁሉ ጉዞ ቅቤው ቀልጦ እንዳይበላሽ ካሮት የመሰለ ቢጫ ሥር፣ ማለትም መቅመቆ፣ ጨቅጭቀው ይቀላቅሉበት ነበር። ማሩ ምንም አያስፈልገውም፤ ስንዴውም እንዲሁ። ጠላ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለቅቤ መቅመቆ ተገኘለት፤ ለጠላ ያለው ጌሾ ብቻ ነው፣ ጌሾም ቢሆን ጓዳ ውስጥ ለተቀመጠ ጋን እንጂ ለጎንደር መንገድ የሚበቃ ጠባቂ አይደለም። (ብሩስ ራሱ ምንጩ ዳር ቆሞ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጽዋውን ያነሳው በኮኮናት ቅል በተቀዳ የምንጭ ውኃ ነው። አገር ሙሉ ጠላ እያለ!)

እንግዲህ ጠላ ረጅም መንገድ ካልሄደ የሄደው አጭሩን ነው። አጭሩ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ በፈቃድ የተሄደበት አልነበረም። በቀድሞው ዘመን በንጉሥ ወይም በመኳንንት ፈቃድ የሚጓዝ እንግዳ ካደረበት መንደር ድርጎ ይቀርብለት ነበር፦ እንጀራ፣ ወጥ፣ በግ፣ ጠላ። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ስለዚህ መስተንግዶ በብዛት ጽፈዋል። አንዳንዱ አመስግኖ፣ አንዳንዱ ጠላው ደፈረሰ ብሎ አማርሮ። ከሌላው ወገን ሲታይ ግን ድርጎ ግብር ነው። ድንኳኑ ከመንደር ውጭ ተተክሏል፤ ጠላው የተጠመቀው ለተስካር ወይም ለደቦ ነበር፤ አሁን ግን በእንስራ ተቀድቶ፣ በሴቶች ጀርባ ታዝሎ፣ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሰው ይወሰዳል። ወታደር መንደር ላይ ሲሰፍርም ከዚህ የባሰ ነበር፤ እንግዳ ነገ ይሄዳል፣ ወታደር ይከርማል። ስለ ገባር ሥርዓት ሲወራ የእህሉ አሥራትና የጉልበቱ ሥራ ይቆጠራል፤ ብቅል አብቅሎ፣ ጌሾ ወቅጦ፣ እንኩሮ አንኩሮ፣ እንስራ አዝሎ ማድረስ ግን «የሴት ሥራ» ተብሎ ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። ይህ ግድፈት ቀላል አይደለም። አንድ ጋን ጠላ ከጌሾ ወቀጣ እስከ መጥለል የሁለት ሳምንት ልፋት ሊወስድ ይችላል።

ዘመቻውም እንደዚሁ ነው። የድሮው ጦር ስንቁን ይዞ የሚንቀሳቀስ ከተማ ነበር፤ ከነጋሪቱና ከድንኳኑ ጋር የጠጅ ገንቦ ያዘሉ ሴቶች አብረው ይዘምቱ ነበር። ጠጅ መመረጡ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከጠላ ይልቅ መንገድ ይችላል። ተራው ወታደር የሚጠጣው እግረ መንገዱን ካገኘው ጓዳ ነበር፤ ያም ማለት ከገበሬዋ ጋን።

በፈቃድ የተጓዘው ጠላ ታሪኩ ሌላ ነው። ለደቦ የወጣ ሰው ማሳ ላይ ሲውል ጠላው እዚያው ይመጣለታል። ተረኛው የሰንበቴ አባል ዳቦና ጠላውን ይዞ እሑድ ወደ ደብሩ ይሄዳል። በማኅበር ደግሞ ጽዋው ራሱ ይዞራል፤ የዚህ ወር ደጋሽ ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ ተረካቢውም ጽዋውን በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ነገሩ በጣም ብልህ ነው። ከባዱ ጋን በየቤቱ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ የሚጓዘው ትንሿ ጽዋና አደራው ብቻ ነው። ሩቅ ለሚደገስ ድግስ ደግሞ ድፍድፉ በወፍራሙ ይወሰድና ውኃው የሚሞላው እዚያው ነው። ውኃ ተሸክሞ ተራራ ከመውጣት ይሻላል።

አዊ ላይ ጋን ካለበት ቤት ርቆ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን ቢጠየቅ ሁሉም ጥር 23ን ይጠራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አገሩ በጣሊያን እጅ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዳንግላና ከሌሎችም ወረዳዎች ያጌጡ ፈረሶች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። ማኅበሩ የዓድዋን ፈረሰኞች ያስታውሳል፤ አባል ሲሞትም በፈረስ ይሸኛል። ካሜራውም ጋዜጣውም የሚያየው ፈረሱን ነው። ፈረሰኛ ደግሞ እንስራ አያዝልም። ያን ሁሉ እንግዳ የሚያጠጣው ከሳምንታት በፊት የተጠነሰሰ የጓዳ ሥራ ነው፤ ለሱ ግን ሽልማትም ውድድርም የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል ከውጭ የመጣው ተወዳዳሪ በጣዕም አላሸነፈም። በ1915 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ያመጣው አዲስ ነገር ገብስ ወይም እርሾ አልነበረም፤ ገብሱም እርሾውም በየጓዳው ነበር። አዲሱ ነገር ቆርኪው ነው። ጋዙን ይዞ፣ አየሩን ከልክሎ፣ ተሳቢ መኪና ላይ ተጭኖ ወር የሚቆይ መጠጥ። በርሜሉ ድራፍትን እስከ ቡና ቤቱ ድረስ አደረሰ። በ1990ዎቹ ጎንደር ላይ ዳሽን ሲጨመር ፋብሪካው ለአዊ ይበልጥ ቀረበ። እንጅባራም ዳንግላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ሳጥኑ በራቸው ድረስ ይመጣል። ጠላ ቤቷ ግን ያላት ማስታወቂያ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነው። የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ሲከለክል ቢራ ጠማቂዎቹ ተንጫጩ፤ ጣሳዋን የነካት የለም።

ጠላ መልስ የሰጠው በጀሪካን ነው። ዕቃው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ጦር ለነዳጅ የሠራው የ20 ሊትር ብረት ነበር፤ ፕላስቲክ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም የዘይት መያዣ ሆኖ፣ ወደ እኛ ጓዳ ገባ። አይሰበርም፣ ከሸክላ ይቀላል፣ አህያም ባጃጅም ላይ ይጫናል። የእንስራን ክብደት ጀርባዋ ላይ ለምታውቅ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሸክላው ራሱ ባዶውን ሸክም ነው። በጀሪካን ምክንያት የጠላ ነጋዴዋ ደንበኛ እስኪመጣላት መጠበቋ ቀርቷል፤ ለሠርግ ድንኳን፣ ለልቅሶ ቤት፣ ለግንባታ ሠራተኛ መሸጥ ችላለች። ናፍቆተኞች «ጋን ቀረ» ብለው ሲያዝኑ ይህን ይረሳሉ።

የጠፋም ነገር አለ። ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ፕላስቲክ አይታጠንም። ሸክላው ጠላውን ያቀዘቅዛል፣ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ያሞቀዋል። ክዳኑ ከጠበቀ ያብጣል፣ ከላላ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ በየጊዜው ላላ እያደረጉ ማስተንፈስ የግድ ነው። ከሁሉ የከፋው የጀሪካኑ የቀድሞ ሕይወት ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት አንድ ነገር ነው፤ ፀረ ተባይ የነበረበት ሌላ፣ እሱን ምንም ያህል ቢያጥቡት ለመጠጥ አይሆንም። ጎምዛዛው ጠላ ከፕላስቲኩ ጋር ለቀናት ሲውል ሲያድር ምን ይዞ እንደሚወጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። ቤቷ ገብቶ የሚጠጣ ሰው ጋኑንም፣ ጓዳውንም፣ የባለቤቷንም እጅ ያያል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ቢጫ ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለ። አሳላፊው ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። ልማዱ የቤተ መንግሥትም የገበሬም ነው፤ መመረዝን መፍራት የጀመረው ይሁን ክብር መስጠት፣ ዛሬ ሁለቱም ሆኖ ይሠራል። በሠርግ ድንኳን ግን ከጀሪካን ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ብርጭቆ እየተቀዳ ሲሮጥ መዳፍ ላይ ማፍሰስ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ሆኗል። ብዙ ቦታ ቀርቷል።

ዋሽንግተንም ሆነ ሮም ያለው ኢትዮጵያዊ ሌላ መንገድ ይዟል። ጠላውን ከአገር ቤት ማስመጣት አይችልም፤ የሚያስመጣው ጌሾውን፣ ብቅሉንና የተቆላውን ዱቄት ነው። ደረቅ ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ሐበሻ ሱቅም ይሸጣሉ። ውኃው ከቧንቧ ይሞላል፣ ጋኑ የፕላስቲክ ባልዲ ነው፣ መጠኑን የምታውቀው እናት ደግሞ በስልክ ትጠየቃለች፦ ጌሾው ስንት ቀን ነው የሚቆየው?