የቪዲዮ ጨዋታ በቤት ውስጥ ሰውነትን ማጠንከር ይችላል?

የቪዲዮ ጨዋታ ሲነሳ ብዙ ወላጆች ፊት ላይ ድቅን የሚለው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ከስክሪን የማይነቅል ልጅ ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ ካልዘለለ፣ ካልጎነበሰ፣ ካልጨፈረ ወይም ባለበት ቆሞ ካልሮጠ በቀር ወደ ቀጣዩ ደረጃ የማያሳልፉ ጨዋታዎች ከተፈጠሩ ዓመታት ተቆጥረዋል።

የእነዚህ ጨዋታዎች ተስፋ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በአውሮፓውያኑ 2022 ከዓለማችን አዋቂዎች 31 በመቶው ወይም 1.8 ቢሊዮን ያህሉ ሰዎች የሚመከረውን ያህል የሰውነት እንቅስቃሴ አላደረጉም። ይህም ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያላቸውን ተጋላጭነት ይጨምራል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። የጂም ክፍያ ኪስ የሚጎዳባቸው፣ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መሮጥ የሚያሰጋቸው፣ ልጆቻቸውን ጥለው መውጣት የማይችሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖሩ ደግሞ በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፈው ሙቀት ከቤት ውጪ ስፖርት መሥራትን አዳጋች ያደርገዋል። ታዲያ ሳሎን ውስጥ የሚደረግ ጨዋታ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል?

ከዳንስ መድረክ እስከ ቀለበት

እንቅስቃሴን ከጨዋታ ጋር የማጣመር ሙከራ በ1980ዎቹ ቢጀመርም በስፋት የታወቀው በ1998 ነው። በዚያ ዓመት የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ 'ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን' የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ተጫዋቹ የሙዚቃውን ምት ተከትሎ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ቀስቶች በእግሩ ይረግጣል። በ2006 የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የልጆችን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለመዋጋት ጨዋታውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሁሉ ለማዳረስ ማቀዷን አስታውቃ ነበር።

በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ 'ዊ' የተሰኘውን ኮንሶል አወጣ። በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ የክንድን እንቅስቃሴ ስለሚያነብ ቴኒስ ወይም ቦክስ ለመጫወት ክንድን መወርወር ያስፈልግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በጃፓን የተዋወቀው 'ዊ ፊት' ደግሞ ተጫዋቹ የሚቆምበትና የሰውነቱን ሚዛን የሚለካ ሰሌዳ ነበረው። የጨዋታው ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ ሐሳቡ የመጣላቸው በየቀኑ ክብደታቸውን የመመዘን ልማድ ከያዙ በኋላ መሆኑን ተናግረዋል።

ማይክሮሶፍት በ2010 ያቀረበው 'ኪኔክት' መላ ሰውነትን በካሜራ ይከታተል ነበር። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ያህል ቢሸጥም ምርቱ በ2017 ተቋርጧል። በ2019 የወጣው የኒንቴንዶ 'ሪንግ ፊት አድቬንቸር' በበኩሉ በእጅ የሚጨመቅና የሚለጠጥ ቀለበት አለው። ሌላው መሣሪያ ጭን ላይ ይታሰርና ሩጫንና ቁጭ ብድግን ይቆጥራል። በኮሮናቫይረስ ወረርሽኝ ሳቢያ ሰዎች ቤታቸው በተዘጋባቸው ወራት ይህ ጨዋታ በበርካታ አገራት ከመደብሮች ጠፍቶ ነበር።

ላብ ያስወጣሉ?

በእንግሊዝ ሊቨርፑል የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2007 ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 11 ታዳጊዎች በመያዝ የዊን ጨዋታዎች ተቀምጦ ከሚጫወቱት ጋር አነጻጽረዋል። ታዳጊዎቹ ቦውሊንግ፣ ቴኒስና ቦክስ ሲጫወቱ ያወጡት ጉልበት ተቀምጠው ሲጫወቱ ካወጡት ቢያንስ በ51 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሆኖም ጨዋታዎቹ እውነተኛውን ስፖርት ያህል ጉልበት አልጠየቁም፤ ለልጆች ለሚመከረው ዕለታዊ እንቅስቃሴ ለመቆጠርም በቂ አልነበሩም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ጨዋታው የሚለካው የሰውነት ክፍል ነው። መሣሪያው የእጅን እንቅስቃሴ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ብልጥ ተጫዋች ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንጓውን በማወዛወዝ ብቻ ቴኒስ ሊያሸንፍ ይችላል። እግርን የሚያሳትፉ የዳንስ፣ የሩጫና የቁጭ ብድግ ጨዋታዎች ግን ትላልቆቹን የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ስለሚያሠሩ የልብ ምትን በፍጥነት ከፍ ያደርጋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይጠበቅባቸዋል።

ትልቁ ፈተና መሰልቸት ነው

አንድ ጨዋታ ልብን በፍጥነት ማስመታቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከወራት በኋላም መጫወቱን መቀጠሉ ግን ሌላ ነው።

በአሜሪካ ሂውስተን የሚገኘው የቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ9 እስከ 12 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ኮንሶል ሰጡ። ገሚሶቹ የሚያንቀሳቅሱ ጨዋታዎች፣ ገሚሶቹ ደግሞ ተቀምጠው የሚጫወቷቸው ደረሷቸው። ከዚህ ውጪ ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ልጆቹ ወገባቸው ላይ ባሰሩት መለኪያ የተገኘው ውጤት ብዙዎችን ያስደነቀ ነበር፤ በሁለቱ ቡድኖች አጠቃላይ የእንቅስቃሴ መጠን መካከል ልዩነት አልታየም።

በ2016 ዓለምን ያዳረሰው 'ፖኪሞን ጎ'ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሚኖሩ ወጣቶችን ስልክ በማየት ባደረጉት ጥናት፣ ጨዋታውን የጀመሩ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 ተጨማሪ እርምጃዎችን ተራምደዋል። በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ተመልሰው ነበር።

ከእነዚህ የተለየ ውጤት የታየው በሉዊዚያና ግዛት ነው። በፔኒንግተን የባዮሜዲካል ምርምር ማዕከል የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውና ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸውን 46 ልጆች ያሳተፈ ነበር። ግማሾቹ ለ24 ሳምንታት ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር እንዲጫወቱ ዕቅድ ተሰጣቸው። አሠልጣኝም በየጊዜው በቪዲዮ እየደወለ ይከታተላቸው ነበር። ልጆቹ ከታቀደላቸው የጨዋታ ጊዜ 94 በመቶውን ፈጽመዋል፤ ከዕድሜያቸው አንጻር የሚሰላው የክብደት መለኪያቸውም ዕቅዱ ካልደረሳቸው ልጆች በተለየ ቀንሷል።

የጥናቶቹ ንጽጽር የሚጠቁመው ነገር ግልጽ ነው። መሣሪያው ብቻውን ልማድ አይፈጥርም። ልጁን ያጸናው የተወሰነ ሰዓት፣ አብሮ የሚጫወት ሰውና 'በዚህ ሳምንት እንዴት ሆንክ?' ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነበር።

ለሕሙማንስ?

ሆስፒታሎችም ጨዋታዎቹን ሞክረዋል። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት ርካሹ የዊ ሰሌዳ የሰውነትን ሚዛን በመለካት ረገድ ከውድ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ በካናዳ፣ በአርጀንቲና፣ በፔሩና በታይላንድ 141 የስትሮክ ሕሙማንን ያሳተፈውና በ2016 ይፋ የሆነው ጥናት ተስፋውን ገደብ አበጅቶለታል። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን በዊ የተጫወቱትም ሆኑ ካርታን በመሳሰሉ ተራ ጨዋታዎች እጃቸውን ያሠሩት ሕሙማን ተመጣጣኝ መሻሻል አሳይተዋል። ውድ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዋናው ነገር እጅን ደጋግሞ ማሠራቱ ነውና።

ጥንቃቄም ያሻል። በ2007 አንድ ስፔናዊ ሐኪም ለሰዓታት የዊ ቴኒስ ተጫውተው በማግስቱ ትከሻቸውን መታመማቸውን በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ጨዋታው የመሣሪያውን ክብደትም ሆነ የተቃራኒውን ኳስ ኃይል ስለማያሳይ ተጫዋቹ መድከሙን ሳያስተውል ሊቀጥል ይችላል።

እንዴት ይጀመር?

ውድ ኮንሶል የግድ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ቤተሰቦች የመሣሪያው ዋጋና የመብራት መቆራረጥ ዋነኛ እንቅፋቶች ናቸው። በስልክ ካሜራ እንቅስቃሴን የሚከታተሉ ጨዋታዎችና በዩቲዩብ የሚገኙ የዳንስ ቪዲዮዎች ግን በአነስተኛ ወጪ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ያሠራሉ።

ከመጀመር በፊት ጠረጴዛና ምንጣፍ ማንሳት፣ ለአምስት ደቂቃ ሰውነትን ማፍታታት፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ደግሞ ለታችኛው ጎረቤት ሲል የማያዘልል ጨዋታ መምረጥ ይበጃል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የመገጣጠሚያ ችግር ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ሐኪም ቢያማክሩ ይመረጣል።

እንቅስቃሴው በቂ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ። ተጫዋቹ መነጋገር እየቻለ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ፣ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሹ ከተቆረጠበት ደግሞ ከባድ እንቅስቃሴ ላይ ነው። እየጨፈረ ያለችግር የሚዘፍን ሰው ፍጥነቱን መጨመር ይኖርበታል።

ጨዋታዎቹ የእግር ጉዞን ወይም ሜዳ ላይ የሚደረግ ኳስን የሚተኩ አይደሉም። ሆኖም ከሶፋው ለመነሳት ምክንያት ላጣ ሰው መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። በሳምንት ለሦስት ቀናት ሰዓት ቆርጦ ከልጆች ጋር መጫወት፣ ጨዋታው ሲሰለች በሌላ መቀየር፣ ጉልበት ሲገኝ ደግሞ ወደ ውጪ መውጣት ይቻላል።