ከበለስ ሸለቆ እስከ ጉባ፤ የአገልግሎት ሥርዓት ለውጥ በመተከል

የአንድን ሕዝብ የአገልግሎት ሥርዓት መለወጥ ሐኪም ቤት ከማነጽና ባለሙያ ከመመደብ የሰፋ ጉዳይ ነው። ሥርዓት ሲባል ሕንፃው፣ በጀቱ፣ ሠራተኛውና ተገልጋዩ የተሳሰሩበት ግንኙነት እንደ መሆኑ መጠን፣ አንዱ ሲነካ ሌላው መናጋቱ አይቀርም። የመተከል ምድር ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ካደረሰው እልቂት ጋር ተያይዞ፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር የተነሡ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር በፓዊ አካባቢ ሰፈሩ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮም በኢጣልያ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት መንገድና ሆስፒታል ተሠራ፤ መሬቱም በትራክተር ይታረስ ጀመር። ይሁን እንጂ ምድሩ ባለቤት ነበረው። የጉሙዝ ገበሬ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ካረሰ በኋላ፣ ጉልበቱ እንዲታደስ ለቆት ወደ ሌላው የሚሻገር ነውና፣ ለዕቅድ አውጪው ጠፍ የመሰለው መሬት ለእርሱ ያረፈ ማሳ ነበር። ከዚህም የተነሣ በነባሩና በሰፋሪው መካከል ደም ያፋሰሰ ግጭት ተፈጠረ። ወባም ከደጋ የመጣውን ሰው ጎዳው። በ1983 ዓ.ም. አካባቢ የውጭው ርዳታ ሲቋረጥና መንግሥትም ሲለወጥ፣ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች አካባቢውን ለቀው ሄዱ።

ሌላው የለውጥ መንገድ በመስከረም 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ ከታወጀው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ደመወዝተኛ ሠራተኞችን፣ በመርሑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት እየመደበ፣ አገልግሎቱን ወደ ሕዝቡ ደጃፍ አቀረበ። በዚህኛው መንገድ ሰው ከቀዬው አልተነሣም፤ ሠራተኛዋም የጎረቤቶቿን ቋንቋና ኑሮ ታውቃለች። ሆኖም መድኃኒትና ክትትል ሲጓደል ይህም ሥርዓት መላላቱ አይቀርም።

የጉባ ወረዳ ዛሬ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በተጣለውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። ውሃው በተኛበት ምድር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። ለእነርሱ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ መሥራት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከወንዙ ዓሣ ያጠምድ የነበረው ቤተሰብ በምን ይተዳደራል? ያረፈው ማሳስ ንብረት ሆኖ ተቆጥሮለታልን? እነዚህን ጥያቄዎች ከግንባታ አስቀድሞ ለነዋሪው የሚያቀርብና መልሱን በዕቅዱ ውስጥ የሚያሰፍር ባለሙያ፣ የበለስን ስሕተት ከመድገም ይድናል።