የውጭ ገበያ ሲመጣ የአምራቹ ድርሻ፦ ከወንጂ እስከ ኩልፎ

የኩልፎ ወንዝ ከጉጌ ተራሮች ተነስቶ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። በዚህና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ወንዞች መስኖ የሚለማው ሙዝ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ከሚቀርበው አብዛኛውን እንደሚይዝ ይታወቃል። ይህን ምርት ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲታሰብ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል። ከዚህ በፊት የውጭ ባለሀብትና የውጭ ገበያ ወደ አገራችን ሲገቡ አምራቹ ምን ድርሻ ነበረው?

በአገራችን በግብርና ከተሰማሩት ቀደምት የውጭ ኩባንያዎች አንዱ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሥራ አስጀመረ፤ ስኳር ከውጭ ትገዛ የነበረች አገርም የራሷን ማምረት ጀመረች። በታችኛው አዋሽ ደግሞ ሚቼል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ አለማ። በዚህም ሳቢያ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን በበጋ የሚያሰማሩበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጡ። እርሻዎቹ ሥራና ሙያ ማስገኘታቸው አይካድም። ሆኖም ውሉ የተፈረመው በመንግሥትና በኩባንያ መካከል ሲሆን፣ በመሬቱ ይጠቀም የነበረው ሕዝብ ፈራሚ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም እርሻዎች ተወረሱ። በደርግ ዘመን በኩልፎ ውኃ የሚለማው የአርባ ምንጭ እርሻም በመንግሥት ይተዳደር ነበር። ባለቤቱ ቢለወጥም የአምራቹ ቦታ ብዙ አልተለወጠም። በየአካባቢው ያለው ገበሬ እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር።

ሙዝ አምራች ከሆኑ አገሮች የጓቲማላ ታሪክ ለእኛ ትምህርት ይሰጣል። ዩናይትድ ፍሩት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያች አገር ሰፊ መሬት ከመያዙም ሌላ በባቡር ሐዲዱና በወደቡ ላይ የበላይነት ነበረው። በ1944 ዓ.ም. የመሬት ማሻሻያ ያወጀው መንግሥት በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ተወገደ። ማጓጓዣውን የያዘ ዋጋውንም እንደሚይዝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ተስፋ የሚሰጠው ታሪክ የተገኘው ከቡና ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ ፈረሰ፤ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። በዚህ መካከል የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥቶ ስለነበር የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች በየዩኒየናቸው ተደራጅተው በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። ከሽያጩ ትርፍ የተወሰነው በትርፍ ክፍፍል ወደ አባሉ ተመለሰ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ የቡና ስሞች ላይ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች። በእነዚህ ዩኒየኖች ገበሬው በማኅበሩ አማካይነት የውሉ ባለቤት ሆነ።

ዛሬም በሩ እየሰፋ ነው። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የውጭ ባለሀብቶች ጥሬ ቡናንና የቅባት እህልን በመሳሰሉ ምርቶች የወጪ ንግድ እንዲሳተፉ ተፈቅዷል፤ የብር ምንዛሪም በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ ወደ ኩልፎ የሚመጣው ገዢ ሊበዛ ይችላል።

ሙዝ ግን እንደ ቡና መጋዘን ገብቶ የተሻለ ዋጋ አይጠብቅም። ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ሙዝ በአረንጓዴነቱ ተቆርጦ፣ ታጥቦና ተለይቶ፣ በ13 ወይም በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየቀዘቀዘ መጓዝ አለበት። ማቀዝቀዣው፣ ማሸጊያውና መኪናው በገዢው እጅ ብቻ ከሆኑ፣ ሙዙ ከተቆረጠ በኋላ አርሶ አደሩ የመደራደር አቅም አይኖረውም። ዩኒየን ለእነዚህ መገልገያዎች አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ለዚህ ነው።

ከገዢ ጋር ውል ሲቀርብም ሚዛኑ የማን እንደሆነ፣ ደረጃውን ማን እንደሚያወጣ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸምና በመንገድ የተበላሸው በማን ሂሳብ እንደሚያዝ ከመፈረሙ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ መነበብ ይኖርበታል። ጉዳዩን በዱቡሻ ተቀምጦ በአደባባይ መምከር ለጋሞ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ አርሶ አደር የሚከብደው ድርድር ለተደራጁ አባላት ይቀላል።