ሕፃናት ለምን ይወዛወዛሉ? ተደጋጋሚ እንቅስቃሴና የኦቲዝም የመጀመሪያ ምልክቶች

የአምስት ወር ሕፃን በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ያለ ድካም ይራገጣል። የስምንት ወሩ በእጁና በጉልበቱ ቆሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ዓመት የሞላው ደግሞ አባቱ በር ከፍቶ ሲገባ በደስታ ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። ስለ ኦቲዝም የሚያወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች በየስልኩ መዘዋወር ከጀመሩ ወዲህ እነዚህ ሁሉ ለወላጆች የጭንቀት ምክንያት ሆነዋል። በሌላ በኩል በእርግጥ መመርመር የሚገባው ልጅ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» እየተባለ ሦስትና አራት ዓመት እቤት ይቆያል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነጥቦችን እናያለን። ከዚህም ጋር፣ ብዙ ጊዜ ከሆድ ቁርጠት ጋር የሚምታታና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ አንድ የእንቅስቃሴ ዓይነት አለና እርሱንም እናነሣለን።

ጤናማ ሕፃንም ይደጋግማል

እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤስተር ቴለን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ አንድ ጥናት አሳተመች። 20 ጤናማ ሕፃናትን ከመጀመሪያው ወር ጀምራ ዓመት እስኪሞላቸው በየሁለት ሳምንቱ በየቤታቸው እየሄደች ተመልክታ ነበር። 47 ዓይነት ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ቆጠረች፤ እግር መራገጥ፣ እጅ ማወናጨፍ፣ ዕቃ ይዞ መሬት መደብደብ፣ ተይዞ ሲቆም በጉልበት ዕጥፍ ዘርጋ ማለት፣ የመሳሰለውን። እንቅስቃሴዎቹ የሚመጡበትም ጊዜ ነበራቸው። በእጅና በጉልበት ቆሞ መወዛወዝ የሚታየው ሕፃኑ ለመዳህ ሲቃረብ ነው፤ መዳህ ከቻለ በኋላ ይቀንሳል። ሰውነቱ አዲስ ችሎታ ከመያዙ በፊት የሚለማመደው በመደጋገም ነው ማለት ይቻላል።

ወላጅን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ጭንቅላትን ከአልጋ ወይም ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከስድስተኛው ወር በኋላ ይጀምርና በእንቅልፍ ሰዓት ይብሳል። ልጁ በሌላው ነገር ሁሉ ደህና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሆነው ይተወዋል። መወዛወዝማ ትልልቆቹም ጋ አለ፤ መድረሳ ገብቶ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችን ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

እንግዲያውስ የሚያሳስበው የቱ ነው? አንደኛው መለኪያ ልጁን ከእንቅስቃሴው ማውጣት መቻሉ ነው። እጁን እያርገበገበ ሳለ ስሙ ሲጠራ ወይም የሚወደው ነገር ሲመጣለት ትቶት ፊቱን የሚያዞር ልጅና ምንም ቢደረግ የማይሰማ የሚመስል ልጅ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እንቅስቃሴው የጨዋታን ቦታ መውሰዱ ነው። ዓመት አካባቢ የሆኑ ሕፃናትን ከዕቃ ጋር ሲጫወቱ የተመለከቱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በኋላ ኦቲዝም እንዳለባቸው የታወቁት ልጆች ዕቃውን ማሽከርከር፣ ማዞርና በዐይናቸው ጥግ አስጠግቶ ማየት ያበዙ ነበር። መኪናውን በመንዳት ፈንታ ገልብጦ ጎማውን ብቻ ለረጅም ጊዜ ማሽከርከር የዚህ ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን ተነጥሎ ሲታይ ውሳኔ ላይ አያደርስም።

ከእጁ ይልቅ ፊቱን ማየት

ኦቲዝምን በሕፃናት ላይ ከገለጹት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ሊዮ ካነር ሲሆን በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ 11 ልጆችን ገልጾ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሁለት ጎን አለው። አንዱ ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው፤ ሌላው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ ለለውጥ እምቢተኛ መሆን፣ ለድምፅ ወይም ለልብስ ስሜት ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትና የመሳሰለው ነው። ኦቲዝም ለማለት ሁለቱም መኖር አለባቸው። ስለዚህ የሚስቅ፣ የሚጠቁም፣ ሲጠሩት የሚዞር ልጅ እጁን ስላርገበገበ ብቻ ኦቲዝም አለበት አይባልም።

በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ቤተሰቦች የቀረጹትን የአንደኛ ዓመት የልደት በዓል ቪዲዮ ሰብስበው አዩ። 11ዱ ልጆች በኋላ ኦቲዝም እንዳለባቸው የታወቁ፣ 11ዱ ደግሞ ጤናማ ነበሩ። ልጆቹን ይበልጥ የለያቸው የሰውን ፊት ማየታቸው ነበር። በጣት መጠቆም፣ የያዙትን ዕቃ ለሌላ ሰው ማሳየትና ስማቸው ሲጠራ መዞርም ልዩነት አሳይተዋል። ገና በዓመታቸው ማለት ነው።

ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባውም ይህንኑ ነው። ሕፃን በሁለት ወሩ አካባቢ ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። በዘጠኝ ወሩ ድምፅና ፈገግታ ይለዋወጣል። ዓመት ሲሞላው ስሙን ሲሰማ ይዞራል፣ «ባ-ባ»፣ «ዳ-ዳ» ይላል፣ እጁን ያውለበልባል። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በጣቱ ይጠቁማል። መጠቆምም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ስጡኝ» ለማለት ሲሆን ሁለተኛው «እዩልኝ» ለማለት ነው። አውሮፕላን አይቶ ወደ ሰማይ የሚጠቁምና ዞሮ የእናቱን ፊት የሚያይ ልጅ ያየውን ሊያካፍል ፈልጓል፤ በኦቲዝም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሁለተኛው ነው። በ16 ወሩ አንድም ቃል ከሌለው፣ በሁለት ዓመቱም ሁለት ቃል አገናኝቶ ካልተናገረ መመርመር አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ቃል ወይም ፈገግታ ያጣ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከአራት አንዱ ያህል በዚህ መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሴት ልጅ የእጇን ጥቅም እያጣች ሁለት እጆቿን እንደምትታጠብ ሁሉ ያለማቋረጥ ማፍተልተል ከጀመረች ግን ሬት ሲንድረም የሚባል ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በእኛ ቤቶች አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ከስልክ የሰማውን አጭር ሱራ ከነዜማው ይደግማል፤ ቤተሰቡም ማሻአላህ ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ልጅ ሲጠማው «ውሃ» የማይል፣ የእናቱን እጅ እንደ ዕቃ ይዞ ወደ ባንኮኒው የሚጎትት፣ ሲጠሩትም የማይዞር ከሆነ ጥሩ የማስታወስ ችሎታው የመግባባት ችግሩን ሸፍኖታል ማለት ነው። የሰሙትን ሳይረዱ መድገም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ የታወቀ ነው። የማስታወቂያ ዘፈን፣ የፊደል ገበታ፣ የእንግሊዝኛ ቁጥር የሚደግሙትም እንዲሁ ናቸው።

ከሆድ ቁርጠት ጋር የሚምታታው

አሁን ወደ አስቸኳዩ ጉዳይ እንምጣ። በ1841 ዊሊያም ጄምስ ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በገዛ ልጁ ላይ ያየውን ሕመም ለሕክምና መጽሔት ጽፎ ላከ። ሕፃኑ በድንገት ራሱን ወደ ጉልበቱ ደፋ ያደርግና ይቃናል፤ ይህንኑ በተከታታይ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ዌስት ያማከረው ሐኪም እንቅስቃሴው አጎንብሶ ሰላምታ መስጠት ስለመሰለው «የሰላም መንቀጥቀጥ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የእኛው «ሰላም» በዚህ መንገድ ወደ ሕክምና መጻሕፍት ገብቷል። ዛሬ ኢንፋንታይል ስፓዝም ወይም ዌስት ሲንድረም ይባላል፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው።

በአብዛኛው የሚጀምረው ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ዕድሜ ነው። ሕፃኑ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ይኮማተራል፤ ራሱ ይደፋል፣ እጆቹ ይዘረጋሉ ወይም ይታጠፋሉ፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይሰበሰባል። ከዚያ ይለቀዋል። ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ ይደገማል፤ እንዲህ እያለ በተከታታይ ይመጣል። በመካከል ያለቅስ ይሆናል፤ ስለዚህም «ሆዱን ቆርጦት ነው» ይባላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በር ሲዘጋ ወይም በድንገት ሲያስቀምጡት እጁን ዘርግቶ የሚደነግጠው ግን ሌላ ነው። ያ ድንጋጤ መነሻ አለው፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልፋል፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜም ይጠፋል።

ስፓዝም ያለበት ሕፃን ሳይታከም በቆየ ቁጥር የአንጎሉ ዕድገት ይጎዳል፤ ፈገግታው ሊጠፋ፣ መቀመጥ ችሎ የነበረው ሊያቅተው ይችላል። ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ግን ውጤቱን ያሻሽላል። መድኃኒቶቹ ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ሆርሞኖችና ቪጋባትሪን ሲሆኑ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጣሉ። ይህን የሚመስል ነገር ያየ ወላጅ በስልኩ ይቅረጽና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ጉዳዩን ይለያል። ሐኪሙ ፊት ሕፃኑ ላያደርገው ስለሚችል ቪዲዮው ከቃል ይልቅ ይረዳል።

ጥፋተኛ ፍለጋ

በቀድሞ ጊዜ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ልጇን ባለመውደዷ ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ1977 በመንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት በዘር የሚወረስ ነገር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ካሳየ በኋላ ያ አስተሳሰብ ወደቀ። ክትባት ያመጣዋል የሚለው ወሬ ደግሞ በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ በ12 ልጆች ላይ ካሳተመው ጽሑፍ የመነጨ ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ከሐኪሞች መዝገብ ተፍቋል። በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትሎ በ2019 የወጣው ጥናት የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አሳይቷል። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጆችን ይገድላል።

በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን ያነጋገረ ጥናት ብዙዎቹ ሐፍረትና መገለል እንደሚሰማቸው፣ የልጃቸውንም ችግር ከወሊድ ጉዳት ጀምሮ እስከ መንፈስና ኃጢአት ባሉ ምክንያቶች እንደሚያስረዱት መዝግቧል። ጅን ነው፣ ዐይን ነው የሚባለው በእኛም ሰፈር አዲስ አይደለም። ሩቅያ እንዲደረግለት የፈለገ ቤተሰብን ማንም አይከለክለውም፤ በልጁ ላይ ቁርኣን መቅራት ልጁን አይጎዳም። የሚጎዳው መምታት፣ ማሰር፣ በጭስ ማፈን፣ የታዘዘ መድኃኒት ማስቆም፣ እንዲሁም አንዱን ሞክሮ ሌላውን ሲሞክር የሚባክነው ጊዜ ነው። አስተዋይ ኡስታዝ ራሱ ወደ ሐኪም ይልካል።

የት ይኬዳል? ምንስ ይደረጋል?

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ፎቶ የለም። ልምድ ያለው ባለሙያ ልጁን በማየትና ወላጅን በመጠየቅ ይለየዋል፤ በሁለት ዓመት ዕድሜ አስተማማኝ ውሳኔ መስጠት ይቻላል። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት መለያ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ማንኛውም ልጅ በ18ና በ24 ወሩ እንዲታይ ይመክራል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጆሮ ምርመራ ይደረግለት፤ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ መስማት ተስኖት ሊሆን ይችላል። ዐይኑም ይታይለት።

በአገር ቤት መነሻው ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ከዚያ በአዲስ አበባ እንደ የካቲት 12ና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች ወዳለው የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይላካል። በማዕከል ደረጃ መንገዱን የከፈተችው በ2021 ያረፈችው ዘሚ የኑስ ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ብታጣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። ከዚያ በኋላ ነህምያን የመሰሉ ሌሎች ማዕከላትም ተከፍተዋል። ቦታው ከፈላጊው ቁጥር ጋር እንደማይመጣጠን ወላጆች ያውቁታል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ የምትኖሩ ግን ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በየክፍለ ግዛቱ ባለው የቅድመ ዕድሜ ድጋፍ ፕሮግራም ነፃ ግምገማ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ሳትጠብቁ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ።

ወረፋ እስኪደርስ እቤት የሚሠራ ሥራ አለ። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ልጅን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ጨዋታ ግን ይጠቅማል። በልጁ ፊት ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጡ። እርሱ የያዘውን ነገር እናንተም ያዙ፣ የሚያደርገውን አድርጉ፣ የሚያየውን ነገር በአንድ ቃል ጥሩለት፤ «ኳስ» በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ስልኩን ራቅ አድርጉት። የሚያርገበግበውን እጅ አትሰሩት፣ አትምቱት፤ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያረጋጋው በዚያ ነው። ራሱን የሚያቆስል ከሆነ ግን ከምን በኋላ እንደሚጀምረው መዝግባችሁ ለባለሙያው አሳዩ።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ ከእርሱ በኋላ የሚወለደው ሕፃን የመያዝ ዕድሉ ከአምስት አንድ ያህል ነው። አምስት ልጆች ቢኖሩ አራቱ ደህና ናቸውና በዚህ ምክንያት ልጅ መውለድን መፍራት አያስፈልግም። ሆኖም ለክትባት በምትሄዱበት ቀን የታላቁን ሁኔታ ለነርሷ ንገሯት። የስድስት ወሩ፣ የዘጠኝ ወሩና የዓመቱ ፈገግታ፣ ድምፅና ለስሙ የሚሰጠው ምላሽ በካርዱ ላይ እንዲጻፍላችሁም ጠይቁ።